ከማን እንደመጣ

ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ አንድ የዘረመል ጥናት ቡድን መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠረኝ። በመጀመሪያው ቀን የቡድኑ መሪ ዶክተር ሰላማዊት አንድ ቦርሳ ሰጠችኝ። ውስጡ ባለቀለም የእንጨት ኪዩቦች፣ የሥዕል ካርዶች፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና የምራቅ መቀበያ ብልቃጦች ነበሩ።

"ሥራሽ ሁለት ነው" አለችኝ። "ሰው ምን ያህል እንደሚያስታውስና እንደሚያገናዝብ ትለኪያለሽ። ከዚያ ምራቅ ትቀበያለሽ። ከምራቁ ዘረመሉን እናያለን።"

ለልምምድ መጀመሪያ እኔኑ ፈተነችኝ። ቁጥር እየጠራች ከኋላ ወደ ፊት መልሺ አለችኝ። አምስት ቁጥር ላይ ተምታታብኝ።

"ይሄ ከዘሬ ነው ወይስ ልጄ ታሞ ሳልተኛ ስላደርኩ?" አልኳት።

"ከአንድ ሰው አይታወቅም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የምንለካው።"

አልገባኝም። ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሞርሲቶ አካባቢ ከአቶ ሎምባሞ ቤት ደረስኩ። ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው አበበች እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ አሥራ አራት፣ ሌላው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሁለቱም ፊደል አልያዝላቸው ብሎ ትምህርት ትተዋል። ሲያናግሯቸው ዓይናቸውን ያሸሻሉ፤ የሰሙትን ቃል ይደጋግማሉ።

የሁሉንም ምራቅ ተቀብዬ ስወጣ አበበች እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

"ሲስተር፣ ትልቁን እንዳረገዝኩ ሾኔ እህቴ ጋ ሄጄ ወባ ያዘኝና መድኃኒት ውጫለሁ። ከዚያ ነው አይደል?"

"አላውቅም" አልኳት። ወደ ቤቱ እየዞረች በሹክሹክታ ስለጠየቀችኝ ለባሏም ነግራ እንደማታውቅ ገባኝ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ከዶክተሯ ጋር ሄድን። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፤ እኔ በሃዲይኛ አስተረጉማለሁ። የልጆቹ ችግር በእናት በኩል የተላለፈ የዘረመል ለውጥ መሆኑን፣ ማንም ሰው ሠርቶ ያመጣው ነገር አለመሆኑን አስረዳች። እኔ ግን "ዘረመል" ለሚለው የሚሆን ቃል ስፈልግ ቆየሁና "ከእሷ ደም ነው የመጣው" ብዬ አሳጠርኩት። አቶ ሎምባሞ ተነሥተው ወጡ። የቀረውን ማን ይስማኝ?

በሦስተኛው ሳምንት አበበች ከባሏ ተጣልታ አባቷ ቤት መግባቷን ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ያጠፋሁትን ላርም ብቻዬን ወደ ሞርሲቶ ተመለስኩ። በአጋጣሚ አባቷ፣ አባባ ኤርጃቦ፣ ልጃቸውን ከነጓዟ ይዘው መጥተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የመሬት ጠብ የሚዳኙ፣ የአገሩን ድንበር ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

"ባለፈው የተናገርኩት ጎዶሎ ነበር" አልኩ። "መድኃኒትም፣ ሥራም፣ ኃጢአትም አላመጣውም። የማንም ጥፋት አይደለም።"

አበበች ብቻ ነበረች የጠየቀችኝ። "መድኃኒቱ አይደለም?"

"አይደለም።"

መሬት ላይ ተቀመጠች። "አሥራ አራት ዓመት" አለች። አቶ ሎምባሞ ስለ የትኛው መድኃኒት እንደምናወራ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያሉ።

አባባ ኤርጃቦ ወደ አማቻቸው ዞሩ። "ያንን ደም ለእሷ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።"

እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ። ድንበር ሁሉ በጭንቅላታቸው ያለ ሰው እንዴት ይህ ለውጥ ይኖርባቸዋል? ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ለዶክተሯ ደወልኩ።

"ሊሆን ይችላል" አለች። "ለውጡ አባት ላይ ትንሽ ሆኖ የማስታወስ ችሎታውን ሳይነካ ለሴት ልጁ ያልፋል። ከእሷ ወደ ልጆቿ ሲያልፍ ያድጋል። ግን ከሟች እናቷም ሊሆን ይችላል። የሽማግሌውን ምራቅ ሳናይ አናውቅም።"

ተመልሼ ብልቃጡን ዘረጋሁላቸው።

"የእኔ ምራቅ ለምርቃት ነው" አሉ። "ቃሌ ይበቃል።" ከዚያም አማቻቸውን "በእኔ ትፈርዳለህ?" ብለው ጠየቋቸው።

"አባቴ፣ በእርስዎ እንዴት እፈርዳለሁ?"

"በእሷስ?"

አቶ ሎምባሞ የአበበችን ጓዝ ከመሬት አንሥተው ወደ ቤት አስገቡ።

ቅጹ ላይ "ለውጡ የመጣው ከ" የሚል ቦታ አለ። ምን ልጻፍ ብዬ ዶክተሯን ስጠይቃት "አልታወቀም በዪ" አለችኝ። ሽማግሌው የሆነ ነገር ያውቁ ይሆን ወይስ ልጃቸውን ለመሸፈን ነው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጆቹ በኋላ ልዩ ፍላጎት ክፍል ገቡ። ትልቁ ስሙን መጻፍ ቻለ፤ ታናሹ አልቻለም። ያላቸው ለውጥ አንድ ዓይነት ነው። ለምን እንደተለያዩ ዶክተሯም አልነገረችኝ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፤ ውጤት ስትናገሩ የማንም ጥፋት አለመሆኑን አስቀድሙ፣ ከማን እንደመጣ ከዚያ በኋላ ይድረስ። ቃል ካጣችሁም አታሳጥሩ፤ አርዝሙት።