እትዬ ካርድ አልፈርምም ያሉ ጊዜ

እትዬ ካርድን ሆስፒታላችን ውስጥ እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው የለም። መዝገቡ ሁሉ ወረቀት በነበረበት ጊዜ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ኮምፒዩተር ሲመጣ እኩዮቻቸው በዚህ ዕድሜያችን እያሉ ሲሸሹ፣ እሳቸው በአርባ ስድስት ዓመታቸው ደብተር ገዝተው ኮርስ ገቡ። ዛሬ የሕሙማኑን ዳታቤዝ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፊርማ አንድም ለውጥ ሥራ ላይ አይውልም። ፕሮግራሙን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። «ክብሪቱ» ይሉኛል፤ ምን ልዋሽ፣ ቶሎ ነው የምግለው።

ለሕመምተኛ የማይስማማ መድኃኒት የሚጻፈው «ማስታወሻ» በተባለ ቦታ ላይ ነበር፣ ከዘመድ ስልክና ከአልጋ ቁጥር ጋር ተደበላልቆ። እሱን አውጥቼ በራሱ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ፤ ሞከርኩት፣ ሠራ። ዳይሬክተሩም ሐሙስ ሥራ ላይ ይውላል ብለው ለበላዮቻቸው ቃል ገቡ።

እትዬ ካርድ አልፈርምም አሉ። የእኔ ፕሮግራም አዲሱን ሠንጠረዥ ከሞላ በኋላ አሮጌውን ማስታወሻ እዚያው ይሰርዘዋል፤ እሳቸው ደግሞ አዲሱን ሰው በዓይኑ ሳያየው አሮጌው አይነካም ብለው ድርቅ አሉ። ቱግ አልኩ። ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለን አይደል እንዴ ብዬ ጮህኩባቸው።

«ባክአፕ ጽሑፉን ይመልሳል» አሉኝ። «መርፌ የተወጋውን ሰውስ?»

ዳይሬክተሩ አስጠሯቸውና እስከ ሐሙስ ካልፈረሙ ወንበሩን ለሌላ ሰጥተው እሳቸውን ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚመድቧቸው ነገሯቸው። ለዚያ ወንበር ስንት እንደለፉ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ አላዘንኩላቸውም፣ ሥራዬን ይዘውብኛላ።

የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕፃናት ክፍል አንድ ሰዓት። ረቡዕ ጠዋት ነርሷ ከአሮጌው ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው አዲሱን ለሙከራ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ያያሉ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሰዓቴን አያለሁ። ሰባተኛው አልጋ ላይ ነርሷ ለዚህ ልጅ ፔኒሲሊን አይስማማውም አለች። እትዬ ካርድ ፊት ያለው ገጽ «የለም» ይላል። ነርሶቹ ሲጣደፉ «ፔኒ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ፤ የእኔ ፕሮግራም አላወቀውም፣ ባዶ አድርጎ አለፈው፤ ባዶውን «የለም» ብሎ እንዲያሳይ ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ክፍሉን ስንጨርስ እንደዚያ ያሉ አምስት ልጆች ተገኙ። ክው አልኩ።

«ባዶ ማለት እኮ የለም ማለት አይደለም ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አልጠየቅንም ማለት ነው።»

ለዳይሬክተሩ ስሜን አላነሱም። አምስቱን ልጆች የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ገና አላለቀልንም አሉ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አይተው ሁለት ሳምንት ሰጡ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ዛቻ ግን አልተዉትም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በእሳቸው መንገድ ሆነ። ፕሮግራሙ በአሮጌውም በአዲሱም ቦታ ይጽፋል፤ የሚያነበው ግን ከአሮጌው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት የሁለቱን ልዩነት እናወጣለን። መጀመሪያ ቀን ስልሳ አንድ ሆነ፤ ከነርሶቹ ጋር አንድ በአንድ አጣራን። ሦስት ቀን ተከታትሎ ዜሮ ሲሆን አንዱን ክፍል ወደ አዲሱ አዞርን፣ በማግስቱ ሌላውን። ከማዞራችን በፊት ወደ አሮጌው መመለስን ሦስት ጊዜ አስለማመዱኝ፤ በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ።

የቀጠሮው ቀን ዳይሬክተሩ የክፍል ኃላፊዎችን ሰበሰቡ። «ለለውጡ ሲባል ሲስተሙ ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ አስጽፈዋል፤ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ብቻ ነው ያልተሞላው። እትዬ ካርድን ጠየቋቸው።

«አይዘጋም» አሉ እትዬ ካርድ። «ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ሁሉም የሚሠራው በአዲሱ ነው።»

ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም የተለወጠ ነገር አላዩም። ዳይሬክተሩ ማስታወቂያውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ እሺ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀርቷል፣ ወደ ወንበርዎ ይመለሱ አሏቸው። እኔ እንባዬ መጣ፤ አላፍርም።

እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። አሮጌው ሳይሰረዝ አንድ ወር ይቆይልኝ ሲሉ ጠየቁ።

«ሁለት ወር ይሁን» አሉ ዳይሬክተሩ።