ሲቪል የተባለው ቃል

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ዱዓሌ ባጃጁን አስነስቶ ስቲከር ለጣፊው ጋ በረረ። ሲመለስ የፊት መስታወቱ ግንባር ላይ በቢጫ ፊደል «ኢንጂነር ኻድራ» ተጽፎ ነበር። ሚስቱ ኻድራ ልጃቸውን ዱኒያን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ስታነበው ክው አለች።

«አቦ ዱዓሌ! በዓይን ልታስበላኝ ነው?»

«ካለፍሽ በኋላ ዓይን ምን ያመጣል? ሳቢያን በሙሉ ይወቅ!»

እሷ ደግሞ ሰፈሯ ሳቢያን እንዳያውቅ ነበር ስትጠነቀቅ የኖረችው። ምኞት ከአፍ ከወጣ ዓይን ይበላዋል እያለች ያሳደገቻት እናቷ ናት። ስለዚህ በትዳር ምክንያት ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ስትቀጥል፣ «ምን ልትሆኚ ነው?» ላላት ሁሉ መልሷ «እንዲሁ ከመቀመጥ ብዬ» ነበር። ምስጢሯን ለዱዓሌ ብቻ ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ነው፣ ስለ ትምህርት እሷ ያለችውን ሁሉ ያምናል።

ምኞቷን ያመጣባት ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው። በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ ላይ ደጋው ሲዘንብ ከተማው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ልጅ ሳለች የእናቷን ጓዳ ከነዕቃው ይዞት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ዳሩ ላይ የድንጋይ ግንብ አሠሩ፤ በቀጣዩ ክረምት አንዱ ተናደ፣ ሌላው ጸና። ሰው ሁሉ «የአላህ ሥራ» ብሎ ሲያልፍ ኻድራ ጎንበስ ብላ የተናደውን ሥር አየች። ተመልሳ ደግሞ የጸናውን አየች፤ የዚህኛው መሠረት ጠለቅ ያለ ነበር። ግንበኞቹን «ይሄን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምን ይባላል?» ብትላቸው፣ «ሲቪል ኢንጂነር» አሏት። ቃሉ ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ጉድ የሠራትም ይኸው ቃል ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ተባለች። ለራሷ አሰላሰለች። ናቹራል ማለት ተፈጥሮ ነው፤ ዶክተርና ነርስ፣ ዛፍና እንስሳ። ሲቪል ግን ሌላ ነው። የዱኒያን የልደት ካርድ ያወጣችው ሲቪል ምዝገባ ሄዳ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም ሲቪል ሰርቪስ ነው። ወታደር ያልሆነ ሁሉ ሲቪል ነው። እንግዲህ ሲቪል ማለት ሕዝብ፣ ሕዝብ ማለት ደግሞ ሶሻል! ጠይቃ እንዳታረጋግጥ ምኞቷ ሊታወቅባት ሆነ። «ሶሻል» አለች። ጂኦግራፊውንም ታሪኩንም ልጇን እያጠባች አጠናች፤ ሒሳብ ላይ ስትደርስ ግን ድካሙም አይታወቃት ነበር።

እነሆ አሁን ዱኒያን አዝላ፣ ሰርተፍኬቷን ይዛ ለምዝገባ ወጣች። ባጃጅ ተራው ላይ የዱዓሌ ጓደኛ አብዲራህማን መስታወቱን አንብቦ ጮኸ።

«ኢንጂነሯ! የኔን ሞተር ሳታዪልኝ ወዴት ነው?»

«አንተ ደግሞ! ሞተር የሜካኒካል ነው። እሷ ሲቪል ናት» አለው ዱዓሌ ደረቱን ነፍቶ።

«ታዲያ ባጃጅ ታንሳታለች፣ ግሬደር ግዛላት!»

ሳቁ እስከ ከዚራ ሰፈር ተከተላቸው።

የኮሌጁ መዝጋቢ ስምረት ወረቀቱን ተቀብላ ስታየው ፊቷ በራ። «ጎበዝ! ልጅ ይዘሽ ይህን ያህል? አካውንቲንግ ነው ማኔጅመንት?»

«ሲቪል ምህንድስና።»

ስምረት ወረቀቱን እንደገና አየችው። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሶሻል ነው።»

«አዎ። ሲቪል የሶሻል አይደል?»

ስምረት የቀለደች መስሏት ልትስቅ ነበር። የኻድራን ዓይን ስታይ ተወችውና ወንበር ሳበችላት።

«ምህንድስና ሁሉ፣ ሲቪልም ሜካኒካልም፣ በናቹራል ነው የሚገባው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተፈትነሽ ማለፊያውን ማምጣት አለብሽ። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዓመት ከሁሉም ጋር ትማሪያለሽ፤ ዲፓርትመንት የሚሰጥሽ በዚያ ውጤት ነው።»

«ከሁሉ በላይ ያመጣሁት እኮ በሒሳብ ነው።»

«አየሁት። የሶሻል ሒሳብ ነው።»

«ፊዚክሱን እዚሁ እየተማርኩ ብደርስበትስ?»

«ሲስተሙ ስምሽንም አይቀበልም።»

«በቴክኒክና ሙያስ?»

«እሱም ከታች ደረጃ ተጀምሮ፣ በየደረጃው እየተመዘኑ ነው። ካልሆነ ከአሥራ አንድ እንደገና በናቹራል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አካውንቲንግ ግን ዛሬውኑ እመዘግብሻለሁ» አለቻት።

ኻድራ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሁለተኛው ልጅ መንገድ ላይ ነው። ማታ ማታ ዱኒያን ትይዝላት የነበረችው እናቷ አሁን ራሷ አልጋ ይዛለች። እንደገና የሚባለው ዓመት ከየት እንደሚመጣ ብታስብ ብታስብ አልታይ አላት። አመስግና ወጣች።

ዱዓሌ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ይጠብቃል። «ናያ» ብሎ ጠራት፣ «ተመዘገብሽ?»

ባጃጁ ውስጥ ገብታ «ንዳው» አለችው።

የደቻቱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ነገረችው። ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመ። ከታች አሸዋው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ጠብታ ውኃ የለበትም።

«ወላሂ ዓይን ነው» አለ መስታወቱን እያየ። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

«ዓይን አይደለም ዱዓሌ። ዓይን ፈርቼ ነው እንጂ። አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።»

ዱዓሌ ባጃጁን መልሶ አስነሣ።

ቤት እንደደረሱ ቢላዋ አምጥታ ቢጫዎቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ፋቀቻቸው። ዱኒያ ቁርጥራጩን እየለቀመች ጣቷ ላይ ስትለጥፍ፣ ዱዓሌ ወደ ሥራው ሄደ። ማንም እንዳይጠይቀው ተራውን ትቶ በሌላ በኩል ሲዞር ዋለ።

አመሻሽ ላይ ባጃጁ ሲመለስ ኻድራ በሩ ላይ ነበረች። ፊደሎቹ ተነሥተዋል፣ ሙጫቸው ግን አልለቀቀም ኖሯል፤ የድሬ አቧራ ሙጫው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲለጠፍ ውሎ «ኢንጂነር ኻድራ» የሚለውን በቡናማ መልሶ ጽፎታል።

«በቤንዚን ይለቃል» አለ ዱዓሌ ሳያያት፣ ጨርቅ እያወጣ።

ጨርቁን ከእጁ ተቀብላ ቤንዚን ነከረችው። የራሷን ስም ትታ፣ ከፊተኛው ቃል ጀመረች።