በልቦለዳችን የሳቅንበት ቆጠራ

ነገሩ የሆነው ካቻምና በጥር ነው። የሰማው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር። ዛሬም ድረስ ከውስጤ ያልወጣው፣ በዚያ ቀን ቤታችን ሞልቶት ከነበረው ሰው መካከል ያዘንነው ሁለት ብቻ ስለነበርን ነው።

አሰላ ተወልጄ ያደግሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አንዱዓለም ደግሞ ከመርሐቤቴ መጥቶ እኛ ትምህርት ቤት የተመደበ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ያኔ ተማሪዎቻችን ከጂኒና ከመልአክ ጋር ፍቅር ስለሚይዛቸው ልጃገረዶች የሚያወሩ ቀጫጭን ልቦለዶችን በጠረጴዛ ሥር ደብቀው ያነብቡ ነበር። እኛም ስንቀማቸው እንውልና መምህራን ማረፊያ ገብተን ራሳችን እናነባቸዋለን። አንድ ቀን አንዱዓለም አንዱን ጨርሶ አጠፈና፣ "ይኼን ይኼንማ እኛም አያቅተንም" አለኝ። በፉክክር ጀመርነው።

በቴሌግራም ቻናል ከፍተን በየሳምንቱ አንድ ክፍል መልቀቅ ያዝን። ታሪኩ የጭላሎ ተራራ ጉም ከአንዲት የባጃጅ ሹፌር ልጅ ጋር ፍቅር ሲይዘው ነው። ጉሙ ዓይን አፋር ነው። ልጅቷ ባየችው ቁጥር ያፍርና ከተማውን በሙሉ በጉም ይሸፍናል፤ ባጃጆች ከጋሪ ይጋጫሉ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ማንን እንደሚቀጣ ይጠፋዋል። የጉሙን ወገን አንዱዓለም ይጽፋል፣ የልጅቷን እኔ። ፍቅር የሚወራበት ቦታ ሲደርስ ግን እጁ ይተሳሰራል። "ከዚያም ተያዩ" ብሎ ይጽፍና የቀረውን ለእኔ ይልክልኛል። "አንተ ራስህ ጉም ነህ" እለው ነበር።

ልጆቹ በጣም የወደዱት ጉሙ ሽማግሌ የላከበትን ክፍል ነው። ሦስት ሽማግሌ ደመናዎች በባጃጅ መጥተው ከልጅቷ አባት ሳሎን ይቀመጣሉ። አባትየው ቆጣ ብሎ፣ "ደመናም ብትሆኑ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም!" ይላል። ሽማግሌዎቹም ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "ጉም የደመና ልጅ፣ ደመና የዝናብ ልጅ፣ ዝናብ የባሕር ልጅ..." እያሉ ሲቆጥሩ የልጅቷ አያት፣ "ባሕርስ የማን ልጅ ነው? ዘሩ ያልታወቀ!" ብላ ታቋርጣቸዋለች። ያን ሰሞን ተማሪዎቹ በግቢው ሁሉ ዘር እየተቆጣጠሩ ሲስቁ ከረሙ።

አንዱዓለም ለትዳር የጠየቀኝ ከዚህ ክፍል በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ "እኛስ ሽማግሌ አንልክም?" አለኝ። ፊቱ ቀልቷል። እኔም በደስታ፣ "ብቻ ጉም እንዳታለብስብን" አልኩት።

አባቱ ጋሽ ወርቁ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከመርሐቤቴ መጡ። በእኛ በኩል የዘር ነገር የሚጠየቁት የአባቴ አጎት፣ አባባ በቀለ ነበሩ። ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ እንደመጡ እናውቃለን፤ ግን እዚህ አገር ከሸዋ ያልመጣ አማራ ማን አለና ነው ነገሬ የምለው? እንደ ወጉ እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ሥር አዳምጥ ነበር። አንዱዓለም ውጪ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል።

ጨዋታው ሞቀ። ከዚያ አባባ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "እንግዲህ ሰባት ቤት እንቁጠር" አሉ። እኔ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅሁ። ይኼንንም በልቦለዱ እንጨምረዋለን እያልኩ ነበር።

"የልጅቷ አባት ታደሰ። ታደሰ ጌታነህ። ጌታነህ ኃይሌ። ኃይሌ ሽብሩ..."

"ይቆዩኝማ" አሉ ጋሽ ወርቁ። "ሽብሩ አሉኝ? ግራኙ ሽብሩ?"

"አዎ፣ ግራኝ ነበር እየተባለ ሲወራ እሰማለሁ። እርስዎ በምን ያውቁታል?"

"አባቱ ማን ይባላል?"

"ደጀኔ።"

ቀጥሎ የሰማሁት የጋሽ ወርቁን ለቅሶ ነው። "የእኔ ቅድመ አያት ዘነበ ደጀኔ ነው! ወንድሙ ግራኙ ሽብሩ አርሲ ወርዶ ቀረ እየተባልን ነው ያደግነው። የት እንደወደቀ ሳናውቅ!"

በበሩ ክፍተት አየሁ። አባባ በቀለና ጋሽ ወርቁ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። አባቴም ተነስቶ የጋሽ ወርቁን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ "ዘመድ ከዘመዱ!" ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቁ። እናቴ ከአጠገቤ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። በእሱም በእኔም በኩል አምስት ቤት ነው፤ ሰባት አይሞላም።

ከዚያ ጠሩን። አንዱዓለም ከውጪ፣ እኔ ከጓዳ ገባን። ምን እንደሆነ እሱ ገና አልሰማም፤ ሰው ሲያለቅስና ሲስቅ አይቶ እሺ ያሉን መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። አባባ በቀለ እጄን ይዘው፣ "ነይ ልጄ፣ ወንድምሽን ሳሚው" አሉኝ።

ፈገግታው ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት። ጉንጩን ሳምኩት። ፊቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። ለእጮኝነት የተገዛው በግ ለዝምድናው ታረደ።

በማግስቱ ተገናኘን። እኔ እልኸኛ ነኝና፣ "ጥለን እንጥፋ፤ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ምን አገባው!" አልኩት። ንስሐ አባታችንም ዘንድ ሄድን። "አይሆንም ልጆቼ" ብለው ራሳቸው አለቀሱ። አንዱዓለም ስንወጣ፣ "አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሲያወራ አደረ። ወንድሙን ከመቃብር ያወጣ ነው የመሰለው። በምን አንደበቴ ልንገረው?" አለኝ። እኔም የአባቴን ፊት አይቼዋለሁ።

ክረምት ሲገባ ዝውውር ጠይቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ልቦለዱ እዚያው ሽማግሌዎቹ ሳሎን እንደተቀመጡ ቆመ። ሐዊ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ በኮሪደር በያዘችኝ ቁጥር፣ "ማሎ ቲቸር፣ እባክሽ፣ ሰጧት ወይስ ከለከሏት? እሱን ብቻ ንገሪን" ትለኛለች። "እየቆጠሩ ነው" እላትና ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

አንዱዓለም አሁን የቤታችን ሰው ነው። ዘንድሮ አባቴ ኦፕሬሽን ሲሆን ከመርሐቤቴ ድረስ መጥቶ አልጋው ሥር አደረ። አባቴ "ልጄ" ነው የሚለው። እኔን "እህቴ" ብሎ ሲጠራኝ መሬት መሬት ያያል። ባለፈው ወር ደግሞ ሊያገባ መሆኑን እናቴ በደስታ ነገረችኝ፤ በእህት ወግ እኔ መሄድ አለብኝ። ሙሽራዋ ጥሩ ልጅ ናት አሉ። ጥሩ ትሁንለት፤ ክፉ አልመኝም። ግን አልችልም።

ለእናቴና ለአባቴ ብቸኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ማዘኔን ባየች ቁጥር ታቅፈኝና፣ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ባል ቢነሳሽ ወንድም ሰጠሽ። ስንት ዘመን ስለት የተሳልኩበት ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እሷ ተስላለች። እኔ ግን ወንድም አልለመንኩም ነበር።