ባዶውን ዜሮ ያልኩት እኔ ነኝ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኮምፒዩተር ገና ብርቅ ሳለ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የፈተና ውጤት የሚደምር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ እጽፍ ነበር። ከእያንዳንዱ ተፈታኝ ስም ጎን ፖይንተር አለ፤ ማርኩ ማሽኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ የሚጠቁም አድራሻ ማለት ነው። ማርኩ ካልመጣ ፖይንተሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑን ሳያጣሩ «አንብብ» ሲሉት ማሽኑ ቀጥ ይላል። የእኔም ቀጥ አለ፤ ያውም ውጤቱ በማግስቱ ሊለጠፍ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ይቁነጠነጣል። በየቦታው «ባዶ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እኔ ብልጡ ግን ባዶዎቹን ሁሉ ዜሮ ወደተጻፈበት አንድ ቦታ አዞርኳቸው። ማሽኑ ምንም ሳይል ሠራ። አለቃዬም ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

የቀበና ጎረቤታችን ልጅ በሒሳብ ፈተና ዕለት ታይፎይድ ይዟት ተኝታ ነበር። የሐኪም ወረቀት አስገብታ ሌላ ቀን እንድትፈተን ተፈቅዶላታል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ከወደቁት መሀል ተገኘች። አባቷ ከእንጦጦ ራጉኤል ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ እኔ ደጅ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተ እዚያው ነህና እስቲ እይልኝ። ሒሳቡን እኮ አልተፈተነችም።»

«አባባ፣ ኮምፒዩተር አይሳሳትም። የቀረችበት አይቆጠርባትም፤ በሌሎቹ ወድቃ ይሆናል» አልኳቸው። የማርኳን ዝርዝር ገልጬ ለማየት እንኳ አልሞከርኩም። አመስግነውኝ ሄዱ።

በዓመቱ ፕሮግራሙን ስፈትሽ ዜሮዋን አገኘሁት። የሌሎቹ ትምህርቶች ማርኳ የሚያኮራ ነበር። በዚያ ዘመን ስህተት አሻጥር ሊባል ይችላልና ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍርሃቱ ይልቅ አፌን የያዘኝ ኩራቴ ነው። ፕሮግራሙን አስተካክዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ በዚህ አፍራለሁ።

እሷ ኮተቤ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተች። ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሲፈልግ፣ ሕሊናዬ እንዲቀለኝ ብዬ እሷን ጠቆምኩና ሳሙና ልገዛ ሱቋ ስገባ ነገርኳት። ሳቀች።

«ጋሼ ደግሞ ይቀልዳሉ! እኔ ማንን ላስተምር? ማሽን እንኳ ያወቀብኝን ድንቁርና እርስዎ አጡት?»

ሳቋ የምር ነበር፤ አምናበታለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እስቲ አስቢበት» ብያት ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።