ከአርባዋ በፊት የተቀዳ ውሃ

ዳምጤ ጉድጓድ ጠራጊ ነበር። ደርግን ሸሽቶ ከመተማ ወጥቶ ሱዳን ውስጥ ሾዋክ አጠገብ ከሰፈረ ጀምሮ እንጀራው ከመሬት በታች ነው፤ በገመድ ይወርዳል፣ ደለል ያወጣል። በ1979 ክረምት የሰፈሩ ጉድጓድ አፉ ተናደና ሚስቱ ያለምወርቅ ገባች። ወርዶ ሬሳዋን ያወጣውም እሱ ነው።

ሽማግሌዎች ጉድጓዱን በሳንቃ ከደኑት። አርባዋ ወጥቶ ቄስ ጠበል ሳይረጭበት ማንም እንዳይቀዳ ተባለ። እስከዚያው ሰፈሩ ከወንዝ በአህያ አስመጣ። በጋ ሲገባ ግን ወንዙ ይደርቃል፤ ያኔ ያለው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ከሳንቃው ሥር ድምፅ ይሰማ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«የወርቅ ወፍጮው ነው» አሉ። ከኮረብታው ሥር ድንጋይ የሚፈጭ፣ ወርቁን በሜርኩሪ የሚለይ ወፍጮ በቅርቡ ተተክሏል። ዳምጤ ግን ዓርብ ወፍጮው ለጁምዓ ሲቆም ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጠፈ። ኳኳታው አልቆመም።

ሰፈሩ የወፍጮው መርዝ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይሰርግ ከሶ ነበር። ጉድጓዱ በተከደነ በሃያ ዘጠነኛው ቀን የውሃ ተቆጣጣሪው ኸሊል ከሾዋክ መጣ፤ የወፍጮው አለቃ ያዕቁብም ተከተለው።

«ሕጉ ሰው ከሚጠጣው ጉድጓድ አጠገብ ወርቅ ማጠብ ይከለክላል» አለ ኸሊል። «ሠላሳ ቀን ያልተቀዳበት ግን ጉድጓድ አይባልም። ነገ ሠላሳ ነው።»

«መቃብር ነው እንጂ ምን ጉድጓድ ነው!» ሳቀ ያዕቁብ። «ባለቤቶቹ እንኳ ይፈሩታል።»

«እኔ እያየሁ የሚቀዳ አለ?» ጠየቀ ኸሊል።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ፤ ዳምጤ ብቻ ወደ ሳንቃው ተራመደ። ሽማግሌው አያ ታምሬ የዳምጤን ክንድ ያዙ።

«አርባዋ ሳይወጣ? ነፍሷን ታውካለህ፣ ልጄ።»

«መርዝ ልንጠጣ ነው፣ አያ ታምሬ።»

ሳንቃውን አነሣ። ኳኳታው ቆመ። ከጎማ የተሰፋውን መቅጃ ለቀቀ፤ ውሃውን ሲመታ ሰማ። ሲስበው ግን ገመዱ ከስንዝር አላለፈም። እግሩን ተክሎ ሳበ። ከታች መልሶ ሳበው። መዳፉ ተላጠ።

ጎንበስ ብሎ ወደ ጨለማው አንሾካሾከ፦ «ያለምዬ፣ ልቀቂልኝ። ውሃውን ሊገድሉት ነው።»

ገመዱ ላላ።

ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ጠጣው። ኸሊል ጻፈ፣ ማኅተም መታ። በሳምንቱ ወፍጮው ተነቅሎ በሎሪ ተጫነ፤ ያዕቁብ ጉድጓዱን ሳያይ አለፈ።

ሰፈሩ አርባዋ እስኪወጣ አልቀዳም። ዳምጤ ብቻ፣ ሕጉ ቀን እንዳይቆጥርበት፣ በየማለዳው አንድ መቅጃ ያወጣል። ወፍጮ የለም፤ ኳኳታው ግን አለ። ሳንቃውን በጣቱ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከታች ዝም ሲልለት ገመዱን ይለቃል።