ጫማ ጠባቂው ልብ ወለድ ያነበበ ሰሞን

ላሊበላ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ መጠበቅ በጀመርኩ ቀን የቀደመኝ ጠባቂ አንድ ነገር ነገረኝ። «መጀመሪያ ሰውየውን ሰላም በል፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀው። ጫማውን ከዚያ ትቀበላለህ።» ሳቅሁበት። ሥራውን ስለምደው ግን ገባኝ። ከገጠር የሚመጣው ተሳላሚ አብዛኛው የሚያደርገው ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በጫማው እለያለሁ ያለ ቀኑን ሙሉ ሲሟገት ይውላል!

ሰው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። እኛ ጫማውን ይዘን መውጫው ላይ እንጠብቀዋለን። ፊቱን አይቼ የራሱን ጫማ እግሩ ሥር ሳስቀምጥለት ሥራዬ አለቀ ማለት ነው።

አምና ክረምት እንግዳ ጠፋ። አስተማሪዋ ልጄ «አባባ፣ ከምትቆዝም ይህን አንብብ» ብላ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የዱሮ ልብ ወለድ ሰጠችኝ። ሰው የሰውን ፊት እንዳያይ የተከለከለበት አገር ታሪክ ነው። ሰዎች ሲገናኙ ደረት ላይ የተለጠፈ ቁጥር ያነባሉ እንጂ ሰላምታ የሚባል የለም። መጨረሻ ላይ ዋናው ሰውዬ ከእናቱ ጋር ይገናኛል። በስሙ ስትጠራው ቀና እንኳን ሳይል «ቁጥርሽን አሳዪኝ» ይላታል። በቃ፣ አለቀ!

መጽሐፉን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ደራሲውን ክፉኛ ተቀየምኩት። «እንዲህ ተብሎ ይጨረሳል?» እያልኩ ስቆጣ ለካ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ቢሆንም ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጀመርኩት።

በጥቅምት የጫማ ጠባቂዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ ካሣ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ይዞ መጣ። ጫማ እየተቀያየረ አቤቱታ በዝቶበት ነበር፣ እውነቱን ነው። «ጋሼ መላኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካርድ ያልመለሰ ጫማ አይወስድም። ይህን የጣሰ ጠባቂ ከማኅበሩ ይወጣል» አለኝ። እኔ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

የገና ሰሞን አንዲት እናት ሩቅ ካለችው ከኮን ከተማ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጠዋት ሰላም ስላቸው ጉልበታቸው እንዳስቸገራቸው አጫውተውኛል። ሲወጡ ካርዱ የለም። መቀነታቸውን ፈቱ፣ ነጠላቸውን አራገፉ፣ የለም።

«ኧረ በማርያም ልጄ፣ በባዶ እግሬ ልትሰደኝ ነው?»

ካሣ ከጎኔ ቆሟል። «ካርዱን ያምጡ፣ እማማ» አላቸው። ዓይኑ እጃቸው ላይ ነው፣ ፊታቸውን አላየም።

ያ መጽሐፍ መጣብኝ። «ከፈለግህ አባርረኝ! እኔ እኚህን ሴትዮ ቁጥር አልጠይቅም» ብዬ ጫማቸውን እግራቸው ሥር አኖርኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

«ጉዳዩን ማኅበሩ ያየዋል» አለ ካሣ ፊቱ ቀልቶ።

«ይየው። አንተ እስከዚያ ይህን እይ» ብዬ መጽሐፉን ከከረጢቴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«እርስዎ ደግሞ! እኔ ልቀጣዎት ነው፣ እርስዎ መጽሐፍ ይሰጡኛል?»

የማኅበሩ ስብሰባ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። የስብሰባው ዕለት ጠዋት ካሣ በሩ ድረስ መጣ። እንደ ወትሮው ጫማዎቹን አልቆጠረም።

«ጋሼ መላኩ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?» አለና መጽሐፉን ዘረጋልኝ። «ያ ሰውዬ እናቱን እንዲያ ሲላት… ለእኔ ብለው ነው አይደል የሰጡኝ?»

«ታዲያ ለማን መሰለህ!»

ስብሰባው ላይ የእኔ ነገር አልተነሣም። ካሣ ራሱ ባቀረበው ሐሳብ፣ ካርድ የጠፋበት ሰው ጠባቂው ካወቀው ጫማውን እንዲወስድ ተወሰነ።

ካርዱ አሁንም አለ፣ ለግርግር ቀን ይጠቅማል። አዲስ ለሚገቡት ጠባቂዎች የምነግራቸው ግን ያንኑ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ሰላም በሉ፣ ካርዱን ከዚያ ትሰጡታላችሁ።