«እንኳን ደስ ያለሽ» ያልኩባት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ በ1978 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ሰው «እንኳን አደረሰሽ» ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ አንድ የቺሊ ሽማግሌ ናቸው። አላህ የሥራቸውን ይስጣቸው።

ያን ጊዜ ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር ሴንት ጄምስ ታውን፣ ከፎቆቹ በአንዱ ውስጥ እንኖር ነበር። ፊት ለፊታችን ዶን ኤርኔስቶ ነበሩ። ልጃቸው አስመጥታቸው ከእሷ ጋር የሚኖሩ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ክራባት አስረው የሚወጡ ሰው ናቸው። እኔ «አባባ» እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ደስ ብሏቸዋል። በመጀመሪያው ክረምት ታምሜ ስተኛ፣ ሰይድ ታክሲውን ይዞ በወጣበት ሾርባ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። «ዶሮ ነው፤ አሳማ አልነካውም» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው።

አንድ ቀን ስለ ወንድሜ ስለ ከማል ነገርኳቸው። ደሴ ላይ ወታደሮች ከቤት እንደወሰዱት፣ እናቴም አስከሬኑን እንኳ እንዳላገኘች። ለሰይድ ራሱ እንዲያ ዘርዝሬ ነግሬው አላውቅም። ዶን ኤርኔስቶ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ።

ወጥ ቤታቸው ውስጥ በየዓመቱ ከአገራቸው የሚላክላቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በዓላቱ በቀይ ነው የታተሙት። ሻይ እየጠጣን የእያንዳንዱን መነሻ ይነግሩኛል። የግንቦቱ ባሕር ኃይላቸው ከፔሩ ጋር የተዋጋበት ነው። ሴፕቴምበር 18 ከእስፔን አገዛዝ ለመውጣት መጀመሪያ የራሳቸውን መንግሥት ያቆሙበት፣ ማግስቱ ደግሞ የጦር ሠራዊቱ ቀን ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው።

«ይኼማ የእኛ አዲስ ዓመት ነው። የእናንተስ ምንድን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«አገራችን ነፃ የወጣችበት» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ነፃ የወጣ አገር እንዴት የታደለ ነው ብዬ አለፍኩት።

ለምን አልጠየቅሽም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ የሰው በዓል አይመረመርም። ለገና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤት ሄደን እንኳን አደረሳችሁ እንላለን፤ ለኢድ እነሱ ይመጣሉ። በዓል ከሆነ በዓል ነው።

ሥራዬ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። የሆቴል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ይዛ፣ ዘርግተው፣ አራግበው፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ከእኔ ጋር የምታጥፈው ማርታ ነበረች፤ እሷም የቺሊ ልጅ ናት። ሥራውን ያስገባችኝ እሷ ነች። ከእናቷ ጋር ተሰዳ እንደመጣች አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም፤ እኔም እንድትጠይቀኝ አልፈልግም ነበር። ለዶን ኤርኔስቶ ስለ እሷ ሳወራላቸው የአባቷን ስም ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «ቤተሰቡን አውቃለሁ» ብለው ሌላ ወሬ አመጡ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሰፈራችን ወዲያ ወዳለው ሸለቆ ወርጄ፣ ስሙን የማላውቀው ቢጫ የዱር አበባ ለቀምኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አንዱን እቅፍ ለዶን ኤርኔስቶ ሰጠኋቸው። አዲስ ክራባት አስረዋል። «እንኳን አብሮ አደረሰን አባባ፤ የሁለታችንም በዓል ነው» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ቀጥለው እጄ ላይ የቀረውን አበባ አዩት።

«ይኼስ ለማን ነው?»

«ለማርታ።»

ትንሽ አሰብ አደረጉ። «የአገራችን በዓል ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ በያት። ኤርኔስቶም ብሎሻል በያት» አሉኝ።

ማርታ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አባብጦ ነበር የጠበቀችኝ። ጉንፋን መሰለኝ። አበባውን ሰጥቻት፣ የተባልኩትን አንድ ቃል ሳላጎድል አልኳት። እንደውም ከራሴ ጨምሬ አቀፍኳት።

አበባውን ተቀበለች። ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄዳ፣ ሳትወረውረው፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ አንሶላ አንስታ ብቻዋን ማጠፍ ጀመረች። ጫፉን ልይዝ ስል ወደ ራሷ ሳበችው። አንሶላው መሬት ለመሬት እየተጎተተባት ቀኑን ሙሉ ብቻዋን አጠፈች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ከጎኗ ፎጣ ስደረድር ዋልኩ።

ማታ ልብስ ስንቀይር ነው አፏን የከፈተችው። ያ ቀን ወታደሮች ሕዝብ የመረጠውን መንግሥት የገለበጡበት ነው። ወንድሟን የወሰዱት በዚያው ሳምንት ነው፤ እስከ ዛሬ የት እንዳደረሱት አይታወቅም።

«በዓል ብለው ያወጁት ራሳቸው ናቸው። እኛ በዚያ ቀን ጥቁር ነው የምንለብሰው» አለችኝ። «ኤርኔስቶም ያውቃል። እዚህ ዳቦ ቤት ውስጥ እናቴን አግኝቷት፣ ልጅሽ የሥራውን ነው ያገኘው ብሏታል።»

ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ደርግም መስከረም ሁለትን በዓል አድርጎ፣ የእንቁጣጣሹ አበባ ሳይጠወልግ በማግስቱ ለሰልፍ ያስወጣን ነበር። አንዱ ተነስቶ ለእናቴ አበባ ይዞ፣ እንኳን ለመስከረም ሁለት አደረሰሽ ቢላትስ ብዬ አሰብኩ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ማርታን ለመስደብ የራሳቸውን አፍ አላቆሸሹም፤ የእኔን ተዋሱ።

ቤት ስደርስ ሰይድ «ኢግኖር አድርጊያቸው፣ ሽማግሌ ናቸው» አለኝ። አልሰማሁትም፤ ሄጄ አንኳኳሁ። ዶን ኤርኔስቶ ከፈቱልኝ። አበባዬን ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ከቀን መቁጠሪያው ሥር አስቀምጠውታል።

«አባባ፣ የማርታን ወንድም ነገር ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ» አሉ። አልዋሹም። «ኮሚኒስት ነበር።»

«ለእኔ ወንድም ግን አልቅሰዋል እኮ።»

«ያንቺ ሌላ ነው» አሉኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንቺን ወንድም የገደሉት ኮሚኒስቶች ናቸው።»

ያ ሁሉ ሾርባ፣ ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ እንባ ምን ላይ ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ከማልም ኮሚኒስት ነበር፤ የተገደለው ከእነሱ ድርጅት ስላልሆነ ነው» አልኳቸው።

ከፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲነሳ በዓይኔ አየሁት።

«እንግዲያውስ» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም። በሩን በቀስታ ዘጉት።

የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስድቡ ለማርታ ነበር፤ እኔን ግን ለወንድሜ ያነቡትን እንባ ነው መልሰው የወሰዱብኝ። ከእኛ ቤት ሰው ውጭ ለከማል ያለቀሰለት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለካ እሳቸውም ያለቀሱት ለእሱ አልነበረም።

በማግስቱ ማርታ አንሶላ አነሳችና አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ወረወረችልኝ። ሳንነጋገር አጠፍን። ሳምንት ቆይታ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ሳምቡሳ የሚመስለውን ምግባቸውን ሠርታ አመጣችልኝ። ለእኔ ብላ ሥጋ አላደረገችበትም፤ ሽንኩርትና እንቁላል ነው።

«እንኳን አደረሰሽ የሚባለው ለዚህኛው ነው» አለችኝ።

አልኳት። ግን ከማለቴ በፊት «በዚህ ቀን ምን ነበር የሆነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከዶን ኤርኔስቶ የሰማሁትን ያንኑ ነገረችኝ። እሱስ እውነት ነበር።

ዛሬ ልጆቼ አድገዋል። ጎረቤት በዓል ሲያከብር ባየሁ ቁጥር መነሻውን ስጠይቅ ይስቁብኛል፤ እናታችን ታሪክ ትወዳለች ይላሉ። እኔ ታሪክ ወድጄ አይደለም። የሰውን በዓል ሳይጠይቁ እንኳን አደረሳችሁ ማለትን ከደሴ ይዤው ወጥቼ ነበር። ስሰደድ ያቋረጥኩት በረሃ አልቀማኝም፤ ድንበሩም አልቀማኝም። የቀሙኝ አባባ ብዬ የጠራኋቸው ሰው ናቸው።